አስረካቢና ተረካቢ፦ አራዳን አራዳ ያሰኛት ምንድን ነው?

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ለኮሪደር ልማት ተብሎ በአራዳ የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ ቤቶች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲፈርሱ፣ ስለ አራዳ ሁለት ዓይነት ንግግር በከተማው ተሰማ። አንዱ አራዳ ሞተች ይላል። ሌላው የሞተ ነገር የለም፣ የፈረሰው ያዘመመ የጭቃ ቤት ነው፣ ጊዮርጊስ እዚያው ነው፣ የምኒልክ ሐውልት እዚያው ነው፣ መንገዱም ከበፊቱ ሰፍቶና ጸድቶ ይታያል ይላል። ሁለቱም ወገኖች በቅንነት ተናግረው ይሆናል፤ ዋናውን ጥያቄ ግን ሁለቱም ሳይነኩት አልፈዋል። ሰፈር አለ የሚባለው ምኑ ሲኖር ነው? ሞተ የሚባለውስ ምኑ ሲጠፋ? ይህን ለመሐንዲስና ለከተማ ፕላን ባለሙያ ብቻ ትተን የምናልፈው አይደለም። አንድ ነገር እየተለወጠ እንዴት ያው ራሱ ሆኖ ይቆያል የሚለው የጥንት የፍልስፍና ጥያቄ በውስጡ አለ፤ ሰው ለጎረቤቱ ምን ዕዳ አለበት የሚለው የሃይማኖት ጥያቄም አለበት። መልሱን ሳንይዝ ብናዝን፣ ኀዘናችን የሚገባው ኀዘን ይሁን ወይስ ባዶ ናፍቆት መለየት አንችልም። መልሱን ሳንይዝ ብንገነባም፣ የሠራነውንና ያጠፋነውን ለይተን መቁጠር ያቅተናል።

ጥያቄው ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በሥርዓቷ ከመለሰችው ብዙ ዘመን ሆኗል። ሕንፃው ሲያረጅ ወይም ምእመኑን ሲጠብበው ታቦቱ ወደ መቃኞ፣ ማለትም ወደ ጊዜያዊ ማደሪያው፣ ይገባል፤ አሮጌው ይፈርሳል፣ አዲሱ ይታነጻል፣ ታቦቱ በዕልልታ ወደ መንበሩ ይመለሳል። ክቡ ቤት አራት ማዕዘን ቢሆን፣ የሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ቢተካ፣ ደብሩ ሌላ ደብር ሆነ የሚል ሰው የለም። በአንጻሩ ታቦት ያልገባበት ሕንፃ የቱንም ያህል ቢያምር ገና አዳራሽ ነው። አራዳ ጊዮርጊስ ራሱ ምስክር ይሁን። ከአድዋ ድል በኋላ በስምንት ማዕዘን የታነጸው ይህ ካቴድራል በየካቲት 1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች የአዲስ አበባን ሕዝብ በጨፈጨፉባቸው ቀናት በእሳት ጋይቷል። ከነጻነት በኋላ ታደሰ፤ የአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎችም አስጌጡት። ዛሬ ከበሩ ቆሞ የሚሳለም ሰው ከቃጠሎው በፊት የነበረውን ያንኑ ጊዮርጊስ ነው የሚሳለመው። ማንነት ከግድግዳ ተለይቶ ሊቆም እንደሚችል ከዚህ በላይ ግልጽ ማስረጃ አላውቅም። ሰፈር ታቦት የለውም። ግን ግድግዳው ቢሄድም ሊቆይ የሚችል፣ ግድግዳው ቢቆምም ሊጠፋ የሚችል አንድ ነገር እሱም አለው። የዚህ ጽሑፍ ድካም ያንን ነገር ለመፈለግ ነው።

ሕንፃው ወይም የሚሠራበት ሥራ እንዳልሆነ የአራዳ ታሪክ ይነግረናል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ አራዳ በጊዮርጊስ አጠገብ የተዘረጋ ታላቅ ገበያ ነበረች። እህልና ጨው፣ ቅቤና ማር፣ ፈረስና በቅሎ ይሸጥባታል፤ ዐዋጅ ይነገርባታል፤ ፍርድ ይፈጸምባታል። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ እቴጌ ጣይቱ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል ሲያሠሩ፣ የሕንዱ ነጋዴ የመሐመድ አሊ ቤትና የአርመን፣ የግሪክ፣ የየመን ሰዎች ሱቆች ሲከፈቱ፣ ዳስና ድንኳን የነበረው ቦታ ሰገነት ባለው የድንጋይና የእንጨት ቤት ተሞላ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን ሲይዝ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የባሰ ለውጥ መጣ። ገበያው ከአራዳ ተነቅሎ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዛሬው መርካቶ ተወሰደ፤ አራዳ የአውሮፓውያን መናኸሪያ እንድትሆን ታሰበ፤ ፒያሳ የሚለው ስምም ያኔ ወጣላት። ከነጻነት በኋላ ገበያው ወደ አራዳ አልተመለሰም። በቦታው የወርቅ ቤቶች፣ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር፣ የኬክ ቤቶች፣ እንደ ቶሞካ ያሉ የቡና መቁያዎች፣ ፎቶ ቤቶችና ሙዚቃ ቤቶች ነገሡ። የአንድ ሰፈር ማንነት በሚሠራበት ሥራ ቢሆን ኖሮ ከገበያነት የተነቀለችው አራዳ ያኔውኑ ባለቀች ነበር። በሕንፃው ቢሆን ኖሮም የጭቃው ዘመን ልጅና የፎቁ ዘመን ልጅ በአንድ ስም አይጠሩም ነበር። በጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ከተማው ሁሉ ደነገጠ፤ ነገር ግን በማግሥቱ አራዳ የለችም ብሎ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ነዋሪዎቹ ናቸው ቢባልስ? ይህ መልስ ወደ እውነቱ ይቀርባል፤ ሆኖም እንዳለ ከተወሰደ አያስኬድም። መጀመሪያ በአካባቢው የሰፈሩት መሬት የተሰጣቸው መኳንንትና ተከታዮቻቸው ነበሩ፤ ደጃች ውቤ ሰፈር ስሙን እስከ ዛሬ የያዘው ከዚያ ዘመን ነው። ሠራተኛ ሰፈር የቤተ መንግሥት ባለሙያዎች የሰፈሩበት ነው። ከዚያ ከጉራጌ፣ ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሐረር የመጣው ነጋዴና የእጅ ባለሙያ ተከተለ። ከውጭም መጡ፤ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከነሐስ ባንዳቸው ጋር የከተማዋን ሙዚቃ ለወጡ፤ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ደረሰ። የአርመኖቹ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ቆሟል፤ በኒን መስጊድም የአዛን ድምፁን ያሰማል። ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ አልፈዋል፣ ብዙዎቹም ሄደዋል። በተለይ ከ1967 ዓ.ም. በኋላ አብዛኛው የውጭ ነጋዴ ሀገር ለቆ ወጣ፤ የመኳንንቱም ልጆች ተበተኑ። በ1990ዎቹ በአራዳ ግቢዎች ይኖር የነበረውን ሰው ከምኒልክ ዘመን ነዋሪ ጋር ስም በስም ብናስተያይ የሚገጥመን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የ1990ዎቹ ልጅ አራዳ ተወለድኩ ሲል የሚናገረው እውነት ነበር። ሰዎቹ አንድ በአንድ ተለውጠው ሰፈሩ ከቀጠለ፣ የሚቀጥለው ነገር ከሰዎቹ መካከል እንጂ ከእያንዳንዳቸው ውስጥ የሚገኝ አይደለም።

የሚቀረው ቅብብሉ ነው። ሰፈር ማለት ቀድሞ የነበረው ሰው ኋላ ለመጣው የሚያስረክበው የግዴታና የትዝታ ውርስ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ቤተሰብ ወደ አንድ ግቢ ሲገባ ቤቱን ከአከራይ ወይም ከቀበሌ ያገኛል፤ ጎረቤትነቱን ግን የሚያገኘው ከነባሮቹ ነው። ለቡና ይጠሩታል። የእድሩ ዳኛ መግቢያው ስንት እንደሆነ ይነግረዋል፣ ጸሐፊው ስሙን መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል፣ በመጀመሪያው ለቅሶ ድንኳን ሲተከል እሱም ካስማ ይዞ ይገኛል። ውሎ አድሮ የትኛዋ አሮጊት ጧሪ እንደሌላት፣ የትኛው ቤት ከየትኛው እንደተኳረፈና ሽማግሌ ሆኖ ማን እንደሚያስታርቅ፣ በጥምቀት ታቦቱ ወደ ጃን ሜዳ ሲወርድ ምንጣፍ የሚያነጥፉት ልጆች ከየትኛው ግቢ እንደሚወጡ፣ በረመዳን ማፍጠሪያ የማን ትሪ ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ ያውቃል። ዕዳ ይገባል፣ ሌላውንም ባለ ዕዳ ያደርጋል። ሰርጉ ላይ ያገዙት ሰዎች ልጆቻቸውን ሲድሩ እሱም ተራውን ይወጣል። እሱ ሲያረጅ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ተረካቢ ከአጠገቡ አለ። አራዳ ውስጥ ገበያተኛው በባለሱቅ፣ ባለ ርስቱ በተከራይ፣ አርመኑ በጉራጌው ሲተካ በአስረካቢውና በተረካቢው መካከል ሁልጊዜ አብረው የኖሩባቸው ዓመታት ነበሩ። ሰፈሩን ያቆየው ይህ የዘመን መደራረብ ነው። ነዋሪው ሁሉ በመቶ ዓመት ውስጥ ቢለወጥ ሰፈሩ ያው ሰፈር ነው፤ ነዋሪው ሁሉ በአንድ ወር ቢለወጥ ግን አንድ ድንጋይ ሳይነሣ እንኳ ሰፈሩ አልቋል። እንግዲህ ስለ ማንኛውም ለውጥ መጠየቅ ያለበት፣ ተረካቢው አስረካቢውን አግኝቶታል ወይ የሚለው ነው።

ይህ አሳብ በታሪክ ይፈተን። ፋሺስት ጣሊያን ለአዲስ አበባ ያወጣው ፕላን ከተማዋን በዘር የሚከፍል ነበር፤ ነጩ በአንድ ወገን፣ ሀገሬው በሌላ ወገን፣ ገበያውም ከሀገሬው ጋር። በአምስቱ ዓመት ፕላኑ ሁሉ አልተፈጸመም፤ በከፊል እንኳ ሲፈጸም ግን ያነጣጠረው ቅብብሉ ላይ ነበር። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በሕዝብ ፊት የተረሸኑት፣ የምኒልክ ሐውልት ተነቅሎ የተቀበረው፣ ጊዮርጊስ የተቃጠለው አንድ ትውልድ ለሚቀጥለው የሚያስረክበው ነገር እንዳይኖረው ነው። ሐውልቱ ግን ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ የት ቆሞ እንደነበረና ለምን እንደቆመ የሚያውቁ ሰዎች እዚያው ነበሩና። በ1927 ዓ.ም. ጦርነቱ በደጅ ሳለ ሕዝቡን ለማነሣሣት የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበርም ከነጻነት በኋላ በዚያው በፒያሳ ቴአትር ቤት ሆኖ ቀጠለ። ወራሪው ትልቅ ነገር አፈረሰ፤ አስረካቢዎቹን ከቦታቸው ጨርሶ ማጥፋት ግን አልቻለም፤ አራዳም ተረፈች።

ሁለተኛው ፈተና የ1967ቱ ነው። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በአራዳ ይህ ማለት ባለቤቱ በአንድ ቀን ባለቤትነቱን አጣ፣ ተከራዩም ቀበሌን አከራይ አድርጎ አገኘ ማለት ነው። ብዙ ግፍ የተፈጸመበት ዘመን ነበር፤ ሰው በአራዳ ጎዳናዎች ላይ የተገደለበት፣ እናት ልጇን በቅጡ ያልቀበረችበት ዘመን ነው፤ ይህን ማንም በበጎ እንዲያነሣው አልሻም። ለጥያቄያችን ግን ልብ የሚባል ነገር ይዟል። ባለቤትነቱ ተገለበጠ፣ ነዋሪው ግን አልተነቀለም። ኪራዩ ወርዶ ጥቂት ብር ስለሆነ ጉልት ቸርቻሪዋ፣ የሊስትሮው አባት፣ ጡረተኛው ወታደር፣ የመንግሥት ሠራተኛው በከተማዋ መሐል ለሌላ ሠላሳና አርባ ዓመት አብረው ቆዩ። የዓለም ከተሞች መሐል ደሃውን ወደ ዳር ሲገፋ፣ የአራዳ ግቢዎች ሀብታሙንና ደሃውን ጎን ለጎን ማኖር ቀጠሉ። አዋጁ ቤቶቹን ለጥገና ማጣት ዳረጋቸው፣ ሰፈሩን ግን አላፈረሰውም። እዚህ ላይ በግልጽ እንደሚታየው ሰፈርና ቤት ዕጣ ፈንታቸው አንድ አይደለም፤ ቤቱ እየወደቀ ሰፈሩ ሊጠነክር ይችላል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከዚሁ ይነሣል። ድህነትን አትቀድሱ ይሉናል። ጣራው ያፈሳል፣ ሽንት ቤቱ ለብዙ አባወራ አንድ ነው፣ ውኃው ከቦኖ ይቀዳል፣ እሳት ቢነሣ የእሳት አደጋ መኪና አይገባም፤ ይህ ነው ወይ የምታለቅሱለት? ተቃውሞው ትክክል ነው፣ ሙሉ በሙሉም እቀበለዋለሁ። በዚያ ጭቃ ቤት ውስጥ የኖረ ሰው ቤቱ እንዲፈርስለት ለዓመታት ጸልዮ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ክርክሬ ለግድግዳው አልቆመም። እንዲያውም የድሮ ሕንፃ ይጠበቅ ከሚሉት ወገኖችም ያጣላኛል፦ በፒያሳ ፊት ለፊት ያሉትን ባለ ሰገነት ቤቶች ሁሉ አድሰን፣ ቀለም ቀብተን፣ ከኋላቸው ያሉትን ግቢዎች ባዶ ብናደርግ፣ ቅርስ አተረፍን ብንልም ሰፈሩን አጥፍተናል። የቤቱ መጥፎነት ግን ቤቱን ለማፍረስ ምክንያት ነው፤ ጎረቤትን ከጎረቤት ለመለየት ምክንያት አይሆንም። ጣራው አፈሰሰ ተብሎ ታቦቱን የሚበትን ደብር የለም። በመሐል ከተማ ፎቅ ሠርቶ ተራውን ሰው ማስቀመጥ እንደሚቻልም አዲስ አበባ ራሷ አሳይታለች፤ በልደታ የቆየው ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። ንጹሕ ቤትና የቆየ ጎረቤት አንዱን መርጠህ ሌላውን ተው የሚባሉ ነገሮች አይደሉም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፣ እሱንም ገሸሽ ማድረግ አይገባም። አራዳ ራሷ በማን መሬት ላይ ቆመች? ከ1879 ዓ.ም. በፊት በእነዚህ ኮረብታዎችና ምንጮች ዙሪያ የጉለሌ ኦሮሞዎች ይኖሩ ነበር። ከብታቸውን ያሰማሩበት፣ የሚያመልኩበት፣ ሙታናቸውን የቀበሩበት ምድር ነው። ከተማዋ ስትመሠረት መሬቱ ለመኳንንት ተደለደለ፣ ነባሩም ሰው ተገፋ። እንግዲህ በመፈናቀል የተወለደ ሰፈር መፈናቀልን ለመክሰስ ምን ሞራል አለው? እኔ የምለው፣ ይህ ታሪክ ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። በጉለሌዎች ላይ የደረሰው በደል የሚባለው የሣር ጎጆአቸው ስለተነሣ ብቻ አይደለም፤ ቅብብላቸው ስለተቆረጠ፣ መጪው ትውልዳቸው በአያቶቹ ምድር ላይ የሚረከበው ስላጣ ነው። በደሉን በደል ያሰኘው መለኪያ ያ ከሆነ፣ ያው መለኪያ በ2016ም ይሠራል። የቀድሞው ቁስል ለኋለኛው ቁስል ፈቃድ ሊሆን አይችልም። አንድን ግፍ በሌላ ግፍ የሚያካክስ የፍትሕ ሚዛንም በየትኛውም ሃይማኖታችን የለም። ይልቅስ ሁለቱን ትዝታዎች አብሮ የሚያስረክብ፣ ለልጆቹ ጊዮርጊስን ሲያሳይ የጉለሌንም ስም የሚነግር ሰፈር ቢኖረን ምንኛ በታደልን።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ከመንፈሳውያን ሰዎች ነው። ክርስቲያን በዚህ ዓለም እንግዳና መጻተኛ ነው፣ ቋሚ ከተማ የለውም፣ በሰማይ ያለችውን ከተማ ይጠብቃል፤ ለድንጋይና ለጭቃ ልቡን መስጠት ጣዖት ማምለክ አይሆንበትም ወይ? ጥልቅ አሳብ ነው። አባቶች በረሃ የወረዱት፣ ገዳማውያን ከዘመድ የተለዩት በዚህ አሳብ ነው። ግን መናኝ የሚለየው በገዛ ፈቃዱ ነው፤ ሌላ ሰው በግድ የመነነለት መናኝ የለም። ደግሞም ያ የሰማይ ከተማ መግቢያ ሆኖ የተነገረን ትእዛዝ ባልንጀራን መውደድ ነው፤ ይህም ትእዛዝ የሚፈጸመው በአየር ላይ አይደለም። የተራበውን ለማብላት መራቡን ማወቅ ያሻል፤ የታመመውን ለመጠየቅ በሩ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ያሻል። በእስልምናም የጎረቤት ሐቅ ከባድ ነው፤ ጎረቤቱ ተርቦ እያለ ጠግቦ ማደር ለአማኝ ነውር እንደሆነ ሲያስተምሩ እንሰማለን። የአራዳ እድር መዝገብ ላይ ወለተ ማርያምና ፋጡማ አንድ ገጽ ላይ ተጽፈው፣ አንዷ ስትሞት የሌላይቱ ልጅ ድንኳን ሲተክል፣ ሁለቱ ሃይማኖቶች ያዘዙት ነገር ሥጋ ለብሶ ታይቷል። ይህን የሚያስችለውን ቅርበት ማፍረስ የትእዛዙን መሣሪያ መስበር ነው። ስለዚህ የሰፈር ጉዳይ ከመንፈሳዊ ሕይወት በታች ያለ የሥጋ ጉዳይ ነው የሚለውን አልቀበልም።

አራተኛው ተቃውሞ ከራሴ አሳብ የሚወጣ ነው። ማንነቱ በግድግዳው ካልሆነ፣ ሰዎቹ ወደሚሄዱበት ይዘውት ይሄዳሉ፤ ታቦቱ መቃኞ ገባ ማለት ነው፤ ታዲያ ምን ጠፋ? ይህ በከፊል እውነት ነው። ከአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ የፈረሰ ሰፈራቸውን እድር ይዘው የቀጠሉ ሰዎች አሉ፤ ለለቅሶ በሁለት ታክሲ ተጉዘው የሚመጡ አሉ። ከፒያሳ በኋላ የተነሡት የካዛንቺስ ነዋሪዎች ብዙዎቹ በአንድነት ወደ ገላን ጉራ መዛወራቸውም ከቀድሞው አሠራር የተሻለ ነው። የቀድሞው አሠራር ዕጣ ነበር። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቤት በዕጣ ሲወጣ፣ አንዱን ጎረቤት ጀሞ፣ አንዱን የካ አባዶ፣ አንዱን አራብሳ ወሰደው። ዕጣ ለቤት አሰጣጥ ፍትሐዊ ነው፣ አድልዎን ይከለክላል፤ ለሰፈር ግን ገዳይ ነው፣ የሚያውቀው ግለሰብን ብቻ ነውና። አብረው የተዛወሩትም ቢሆኑ ከእነሱ ጋር ያልተዛወረ ብዙ ነገር አለ። ደብሩ አልተዛወረም፤ መስጊዱ አልተዛወረም፤ ጉልት ቸርቻሪዋን የሚያኖራት መንገደኛ አልተዛወረም፤ በዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ ሌላ ቦታ ሄዷል። ታቦት ወደ መቃኞ የሚገባው ለመመለስ ነው፤ በዚያው ሊቀር የሚገባ ቢሆን ስሙ መቃኞ አይባልም ነበር።

መመለስ የማይቻል ነገር እንዳይመስለን ደግሞ ከዚያው ከአራዳ ጥሩ ማስረጃ አለ። የከተማዋ ባቡር ዋሻ በአቡነ ጴጥሮስ አደባባይ ሥር እንዲያልፍ ሲወሰን የሰማዕቱ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ከቦታው ተነሣ። ሕዝቡ ተጨነቀ፣ አይመለስም ያለም ነበር። ሐውልቱ ተጠብቆ ቆየ፣ ዋሻው ተሠራ፣ ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፣ በዚያው ዓመት ሐውልቱ ወደ ስፍራው ተመለሰ። ልማቱም አልቀረ፣ ሰማዕቱም ቦታቸውን አላጡ። ይህ የሚያሳየው ከተማዋ ማንሣትና መመለስን አብራ ማቀድ እንደምትችል ነው። ለሐውልት የተደረገው ጥንቃቄ በዚያው አደባባይ ዙሪያ ለኖረው ሰው የማይደረግበት ምክንያት አይታየኝም። ሕጉም ቢሆን ነገሩን ያውቀዋል። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስለ ማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ ይናገራል። ትስስር ዋጋ እንዳለው ሕግ አውጪው ማመኑ ትልቅ ነገር ነው። ጉድለቱ፣ የተቆረጠውን በገንዘብ ተምኖ ለግለሰብ መስጠቱ ነው፤ እድር የአንድ ሰው ንብረት አይደለም፣ ካሳውም ተከፋፍሎ ሲሰጥ የተከፋፈለው ትስስር አይቀጠልም።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. በዚያው በፒያሳ የአድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቋል። ታላቅ ሥራ ነው፤ የሚገባውም ድል ነው። ሰፊዎቹ የእግረኛ መንገዶችና መብራቶችም መጥፎ ናቸው የሚል ክርክር የለኝም፤ በእነሱ ላይ ሲመሽ የሚዝናና ሕፃን የማንም ጠላት አይደለም። የሚያሳስበኝ ሕፃኑ ያ ቦታ የምን ቦታ እንደነበረ የሚነግረው ሰው ማጣቱ ነው። የመታሰቢያ ሕንፃ ስለ 1888 ሊያስተምር ይችላል። ከ1888 እስከ 2016 በዚያ መሬት ላይ ማን ከማን ጋር እንደተዛመደ፣ ማን ማንን እንደቀበረ የሚያስተምር ግን ነባር ጎረቤት ብቻ ነው። አራዳ ሞተች ወይስ አልሞተችም ለሚለው እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ በ2016 የደረሰባት በ1928ም በ1967ም ያልደረሰባት ነው፤ በተነሡት ግቢዎች አስረካቢውና ተረካቢው አልተገናኙም። በቀሩት ግቢዎች፣ በደብሩና በመስጊዱ ዙሪያ፣ በሀገር ፍቅርና በወርቅ ቤቶቹ አካባቢ ቅብብሉ ገና አልተቋረጠም። ሙሉ ሞት አይደለም፤ ግን ከተማው እስካሁን ካደረሰባት ሁሉ የከፋ ቁስል ነው።

ገና ያልተነሡ ሰፈሮች ስላሉ ነገሩ የአራዳ ብቻ አይደለም። የከተማው አስተዳደር ወደ አንድ ሰፈር ቡልዶዘር ከማስገባቱ በፊት ቤት ብቻ ሳይሆን እድርም ይቁጠር፤ ተነሺውን በእድሩ መዝገብ መሠረት አንድ ላይ ያስፍር፤ በሚሠራው ሕንፃ ውስጥ መመለስ ለሚፈልግ ነባር ነዋሪ በአቅሙ የሚከፍለው ቤት አስቀድሞ በጽሑፍ ይያዝለት። ይህን ከመጠየቅ ጋር በእኛ እጅ ያለም ሥራ አለ። የፈረሱ ሰፈሮች የእድር መዝገቦች ዛሬ በአንዳንድ ጸሐፊዎችና ዳኞች ቤት፣ ከአልጋ ሥርና ከቁም ሳጥን ላይ ተቀምጠዋል። ማን መቼ እንደገባ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን መዋጮ አቅቶት ማን እንደከፈለለት የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። መዝገቡ በእጅህ ያለ አንተ፣ በእናትሽ ቤት ያለ አንቺ፣ ሳይበላሽ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሡት፤ ቅጂውንም ለወመዘክር ወይም ለዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ስጡ። የእድሩን ሽማግሌዎች ደግሞ በሕይወት ሳሉ አስቀምጣችሁ ጠይቋቸው፣ የሚሉትንም ጻፉ።